ስምንተኛው ኪስ

መጋቢት 19 ቀን 1977፣ ገዳሪፍ

ይህ ደብተር የወንድሜ የጀማሉ ነው። ከፊት ያሉትን አሥራ አራት ገጾች የጻፈው እሱ ነው፤ ዘይት የተቀየረበት ቀን፣ ሰንሰለት የተወጠረበት ቀን፣ ጎማ የተለጠፈበት ቀን። ሌላ ነገር የለባቸውም። እኔ ከአሥራ አምስተኛው ገጽ ጀምሬያለሁ። በአማርኛ የምጽፈው ፊደሉን ያስተማረኝ እሱ ስለሆነና ትምህርት ቤት ውስጥ ማንም ስለማያነበው ነው።

ዛሬ ከሞተ ሰባተኛ ቀኑ ነው። የሆነውን በተርታ ልጻፍ።

ጀማሉ ለአንድ የእርዳታ ድርጅት ክትባት ያመላልስ ነበር። ሐሙስ መጋቢት 12 የኩፍኝ ክትባት በበረዶ ሳጥን ጭኖ በሞተሩ ወደ ኡም ጋርጉር የስደተኞች መጠለያ ሄደ። ግማሽ መንገድ ላይ ሞተሩ ጠፋበት። በማግስቱ አንድ የሎሪ ሾፌር አገኘው። ሞተሩን ትቶ ብዙ ተጉዟል፤ ላሎብ የሚባል ፍሬው የሚበላ የበረሃ ዛፍ ሥር ሳጥኑን እንደታቀፈ ነበር። ሐኪሙ ፀሐይ ነው የገደለው አለ። ሃያ ሁለት ዓመቱ ነበር።

ሾፌሩ ለአባቴ ሲነግረው በሩ አጠገብ ቆሜ ነበር። "መሣሪያዎቹን ሸሚዙ ላይ ዘርግቷቸው ነበር" አለ። "ቁልፎቹ አሉ፣ ካቻቢቴው አለ፣ ፒንሳው አለ። የካንዴላ ቁልፍ የለም። ካንዴላውን በፒንሳ ሊያወጣው ብዙ ታግሏል።"

ካንዴላ ሲጠቁር ሞተሩ ይጠፋል። አውጥቶ መጥረግ ነው። ግን ያለ ራሱ ቁልፍ አይወጣም።

ሞተሩን ከሁለት ቀን በፊት ያደሰው ጋረደው ነው፤ የመተማ ሰው፣ በገበያው ጀርባ የሚሠራ ሜካኒክ። አባቴ ለለቀስተኞቹ "ቁልፉ እሱ ዘንድ ቀርቷል። ወይ ረስቶታል፣ ወይ ሸጦታል" አለ። ሰዎቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። እኔ ውሃ አቀርብ ነበር። ሾፌሩ ሬሳውንና ሞተሩን ስላመጣልን አባቴ መሣሪያዎቹን ከነከረጢታቸው ሰጠው። ዳግመኛ ማየት አልፈልግም ብሎ ነው።

መጋቢት 21

አንድ የካሰላ ነጋዴ ሞተሩን ሊገዛው ይፈልጋል። አባቴ ከአርባው በኋላ ይወሰድ ብሏል። አርባው ሚያዝያ 22 ላይ ይውላል።

"እኔ ባስነሳውስ?" አልኩት።

"በምን?"

"መሣሪያ አሰባስቤ።"

"የሜካኒክ እጅ አይነካውም።"

"በራሴ እጅ ነው። እዚሁ ግቢ ውስጥ።"

አባቴ ጨርቅ እያጠፈ ነበር። አጥፎ ጨረሰና "እስከ አርባው ከተነሳ ይቀመጥ። ካልተነሳ ይሄዳል" አለ።

እህቴ ኡምሰልማ ስምንት ዓመቷ ነው። "የውሃውን ዚር ክዳን እንኳ ገጥመህ አታውቅም" አለችኝ።

መጋቢት 23

ከትምህርት ቤት ስወጣ በጓሮ መንገድ ወደ ጋረደው ሄድኩ። የሚሠራው ከሐጂ ቱርካ መጋዘን ግድግዳ ጋር አስጠግቶ ባቆማት የሣር ዳስ፣ ራኩባ በምንላት ጥላ ሥር ነው። ሐጂ ቱርካ የአባቴ ጓደኛ ነው። ሌላ ጊዜ አራትና አምስት ሞተር ይሰለፍ ነበር። ዛሬ አንድም የለም። የጸዳ ብሎን እንደገና በቤንዚን ሲያጸዳ አገኘሁት።

"አያ ጋረደው፣ ለቤት የሚሆን መሣሪያ ምን ምን ያስፈልጋል?"

"አባትህ ያውቃል?"

"አያውቅም።"

"እንግዲያው ከግድግዳው ወዲህ ተቀመጥ። ሰው ያይሃል።"

ስለ ወንድሜ ምንም አላነሳም። በጣቱ አሸዋው ላይ እየጫረ ቆጠረልኝ። አሥር ቁጥር ቁልፍ፣ አሥራ ሁለት፣ አሥራ አራት፣ አሥራ ሰባት። ካቻቢቴ። ፒንሳ። የጎማ ማውጫ። "ሰባት ሆነ" አለ። ስምንተኛውን መስመር ጫረው፤ ስሙን ግን አልጠራውም።

"የቤት መሣሪያ ብዙ አይደለም። ብዙ ከሆነ የጎደለውን አታውቅም። ሸራ ፈልግ፣ ለእያንዳንዱ በልኩ ኪስ አሰፋለት፣ ጠቅልለህ እሰረው። ስትዘረጋው ባዶውን ኪስ ሳትቆጥር ታየዋለህ። ወንድምህ ከረጢት ነበረው። ከረጢት አይበጅም፣ ሁሉ ነገር ተደባልቆ ይተኛበታል።"

ልነሳ ስል "የካንዴላ ቁልፍ አለህ?" አለኝ።

"የለኝም።"

ቦርሳዬ ጉልበቴ ላይ ነበር። ቁልፉ ከመጻሕፍቱ ሥር በካልሲ ተጠቅልሎ ነበር። የጀማሉ ቁልፍ። ይህን የምጽፈው ጀማሉ በዚህ ደብተር ያልሆነ ነገር ጽፎ ስለማያውቅ ነው።

መጋቢት 25

አሥር ቁጥር ተገኘ። ከክፍል ጓደኛዬ፣ በኮምፓሴ ለውጥ። አፉ ትንሽ ሰፍቷል። ይሠራል።

ሙቀት አርባ ሦስት ይላሉ።

መጋቢት 28

በራዲዮ መንግሥት ተገለበጠ ተባለ። ትምህርት ቤት ዝግ። ገበያው ግማሹ ዝግ። የአባቴ ሱቅ ክፍት ነው፤ ነጭ አቡጀዲ የሚፈልገው ሰው ራዲዮ አይጠብቅም። ከድንበር የሚመጡት ስደተኞች በየቀኑ ይጨምራሉ። አባቴ ለእያንዳንዱ ጀናዛ ከፈን ለክቶ ይቀድዳል። የጀማሉንም የቀደደው ከዚያው ጣቃ ነው። ጣቃው አልቆ ሌላ ተጀምሯል።

ፒንሳ ከእናቴ መሳቢያ አገኘሁ። ጥርሱ አልቋል። ካቻቢቴ የእጅ ሥራ መምህሩ ሰጠኝ። "ለምንድነው?" አላለኝም። አሁን ሰዎች ምንም አይጠይቁኝም።

መጋቢት 30

ከኡም ጋርጉር ክሊኒክ አንዲት ነርስ ለለቅሶ መጣች። እናቴ ራሒማ ምንጣፍ ዘርግታ አስቀመጠቻት።

"ሳጥኑ ደረሳችሁ?" አለቻት እናቴ።

"በረዶው ቀልጦ ነበር። ሌላ በአምስተኛው ቀን ላኩልን።"

"በዚያ መሀል ስንት ልጆች ሞቱ?"

ነርሷ ውሃዋን ጠጣች። ብርጭቆውን ስታስቀምጥ "ጀማሉ ሰዓት አያሳልፍም ነበር" አለች።

ሚያዝያ 1

አሥራ ሁለትና አሥራ አራት በአንድ ቀን። ኳሴን ሰጠሁ። የጎማ ማውጫውን ከአሮጌ የሎሪ ባሌስትራ አስቀጠቀጥኩት። ይከብዳል። አሥራ ሰባት ቀረ።

ሚያዝያ 2

እናቴ የድንኳን ሸራ አግኝታ ኪሶቹን ልትሰፋ ተቀመጠች። አንድ በአንድ እየተቀበለችኝ ሸራው ላይ አስተኝታ ትለካለች፤ በጠመኔ ታሰምራለች፤ በጆንያ መርፌ ትሰፋለች። ከአርባው በፊት እጇ ሥራ መያዙ ጥሩ ነው አሉ ሴቶቹ። አሥራ ሰባቱን ከጎረቤት ተውሼ አስለካሁ።

"ስምንተኛውን አምጣው" አለች።

"እሱ የለም። ገና ነው።"

"በምን ልለካው ታዲያ?"

ሁለት እጆቼን አራርቄ ርዝመቱን አሳየኋት። ውፍረቱን በአውራ ጣቴና በሌባ ጣቴ አክብቤ አሳየኋት። እጆቼን ትንሽ ቆይታ አየቻቸው። ከዚያ አሰመረች።

ኡምሰልማ ክር እያቀበለች ነበር። "ያን ቀዳዳ ብረት የት አደረስከው?" አለችኝ። "ላሎብ አለኝ፣ የምሰብርበት አጣሁ።"

"የምን ብረት?"

"እጀታው ቀይ የሆነው።"

"አላውቅም" አልኳት።

እናቴ ቀና አላለችም። መስፋቷን ቀጠለች።

ሚያዝያ 3

ነገ ስቅለት ነው። ጋረደው እየጾመ ነው። ዳቦ በዘይት እያጠቀሰ በላ። ራኩባው ሥር ዛሬም ማንም የለም። የመሣሪያ ሳጥኑ ላይ አንድ ቁራጭ የውሃ ቧንቧ ተቀምጧል።

"የካንዴላ ቁልፍ የለኝም ብለኸኝ ነበር። እኔ አበጅልሃለሁ። ቧንቧውን አግዬ በስድስት ማዕዘን ብሎን ላይ ስቀጠቅጠው መልኩን ይይዛል። ለስላሳ ስለሆነ ለጥቂት ጊዜ ብቻ ነው የሚያገለግል። ልኩን ብቻ ንገረኝ። የካንዴላ ልክ ትልቁም ትንሹም አለ፤ የዚያ ሞተር የትኛው እንደሆነ ረስቼዋለሁ። ለክተህ ና።"

"ሃያ አንድ ነው" አልኩ።

"ለካኸው?"

"አዎ። በማስመሪያ።"

ዳቦውን አኝኮ ጨረሰ። "በፒንሳ ተበልቷል ያሉት ካንዴላ ነው?"

"እሱ ነው።"

"ማዕዘኑ የተበላ ነገር በማስመሪያ ሃያ አንድ አይመጣም። ሃያም ይመጣል፣ አሥራ ዘጠኝ ተኩልም ይመጣል። ሃያ አንድ ተብሎ የተጻፈው ቁልፉ ላይ ነው።"

ቦርሳዬን ወደ ጎን አዞርኩት። እሱ ቦርሳውን አላየም፤ እኔንም አላየኝም። ከሰሉን ማራገብ ጀመረ።

"ሃያ አንድ አደርገዋለሁ" አለ። "ወናፉን ያዝልኝ።"

ያዝኩለት። ቧንቧው እስኪቀላ አናፋሁ። እሱ ቀጠቀጠ። ሰርቀሃል የሚሉትን ቁልፍ ለእኔ ይሠራልኝ ነበር። ወናፉን በደንብ ነው ያናፋሁት፤ አንድም ጊዜ አላቋረጥኩም።

ሚያዝያ 9

ሐጂ ቱርካ ሱቅ መጣ። እኔ ከጨርቁ ኋላ ጣቃ እደረድር ነበር።

"ሰው ፊት ነሳኝ፣ አብዱልሰላም። የሟች መሣሪያ የሰረቀውን ታስጠልላለህ ይሉኛል።"

"አስወጣው አላልኩህም" አለ አባቴ።

"ተወውም አላልከኝ።"

አባቴ አቡጀዲ እየለካ ነበር። ክንዱን ዘርግቶ ለካ፣ እንደገና ለካ። "እኔ ምን ልበልህ?" አለ። "ልጄን አጥቤ ቀብሬያለሁ። ሌላውን አንተ ታውቃለህ።"

"እንግዲያው ኻላስ፣ አለቀ። ከአርባው ማግስት ግድግዳዬን ይልቀቅ።"

ሲወጣ አየኝ። "አይዞህ ወለዲ፣ አይዞህ ልጄ" ብሎ ራሴን ዳበሰኝ።

መናገር ይቻል ነበር። ሐጂ ቱርካ ጫማውን እስኪያደርግ ረጅም ጊዜ ወሰደበት።

ሚያዝያ 10

አሥራ ሰባት ቁጥር ተገኘ። ሰባቱ ኪሶች ሞሉ።

ሚያዝያ 14

ዛሬ እንቅልፍ የለም፤ ስለዚህ የረቡዑን ልጻፍ። መጋቢት 11 ነበር፣ ጀማሉ ከመሄዱ በፊት ያለው ቀን።

ከዐስር ሶላት በኋላ ኡምሰልማ ላሎብ በቀሚሷ ቋጥራ መጣች። ሥጋውን ከመጠጥን በኋላ ፍሬውን ሰብረን ውስጡን መብላት ፈለግን። ድንጋይ ሲሆን ያደቅቀዋል። የሞተሩ ከረጢት ክፍት ነበር፤ የካንዴላ ቁልፉ ከላይ ነበር። ከባድ ነው፣ አፉ ክብ ነው፣ ፍሬው ላይ ልክ ያርፋል። እጀታውን ጀማሉ በቀይ የኤሌክትሪክ ሽቦ ጠምጥሞት ስለነበር እጅ አያንሸራትትም። በትምህርት ቤቱ አጥር ሥር ተቀምጠን ሰበርን። ስንት ፍሬ እንደሆነ አላስታውስም። አዛን ሲል ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት። እመልሰዋለሁ ብዬ ነበር።

ጀማሉ ከረጢቱን የሚፈትሸው ዓርብ ዓርብ ነው። ሐሙስ ነው የሄደው።

ዓርብ ጠዋት ቦርሳዬን ስከፍት አየሁት። ያኔም ነገሩን አላወቅሁም። ማታ ሲመጣ እሰጠዋለሁ አልኩ። ሎሪው በራችን ላይ ሲቆም ነው ያወቅሁት።

ከዚያ ወዲያ በየቀኑ ይዤው ትምህርት ቤት ሄጄ በየቀኑ ይዤው ተመልሻለሁ። ቤት ብተወው ኡምሰልማ ታገኘዋለች። ብጥለው ደግሞ ኪሱ ምን ይገባበታል?

ሚያዝያ 17

የቧንቧው ቁልፍ ተሠርቶ አለቀ። ጋረደው ሰጠኝ።

ያምራል። ጠርዙን በሞረድ አለስልሶታል።

"ሞክረው" አለኝ። "ካንዴላውን ካወጣልህ አባትህ ሞተሩን አይሰጥም።"

ወደ ኒው ሀልፋ ሊሄድ ነው። የስኳሩ እርሻ አጠገብ ሜካኒክ ይፈልጋሉ አሉ። የሚያውቀው ሰው የለም እዚያ። "ከአርባችሁ ማግስት ሎሪ አለ፤ በዚያ እሄዳለሁ" አለ።

ሚያዝያ 18

አልሞከርኩትም። ሃቡብ ነበር፤ የአቧራ ማዕበል።

ሚያዝያ 20

አልሞከርኩትም።

ስምንተኛው ኪስ ውስጥ አስገባሁት፤ ኪሱ ሰፋበት። እናቴ አይታ "ለሱ አልሰፋሁትም" አለች። ከዚያ ወደ ሥራዋ ሄደች።

ሚያዝያ 22

ዛሬ አርባው ነበር። እንደሆነው እጽፈዋለሁ።

ግቢው ውስጥ ምንጣፍ ተነጠፈ። ቁርአን ተቀራ። ሠላሳ ያህል ሰው ነበር። ከምግቡ በፊት አባቴ እንደ ደንቡ ተነሥቶ ቆመ። "ልጄ ጀማሉ የማንም ሐቅ ኖሮበት እንደሆነ፣ ያስቀየመው ሰው እንዳለ፣ ለአላህ ብላችሁ አውፍ በሉት፣ ይቅር በሉት" አለ።

"አውፍ ብለናል" አሉ ሁሉም።

ሐጂ ቱርካ ብቻውን ጨመረ። "እሱ የማንን ሐቅ ወሰደ? የሱን ነው የወሰዱበት።" ሰዎቹ ወደ ገበያው በኩል አዩ። አባቴ አላረመውም።

ወደ ቤት ገባሁ። ጥቅልሉን ፈታሁ፤ የቧንቧውን አወጣሁ። ቦርሳዬን ከፍቼ የጀማሉን አወጣሁና ስምንተኛው ኪስ ውስጥ አስገባሁት። ልክ ገባ። በርዝመትም በውፍረትም ልክ ነበር።

ወጥቼ ጥቅልሉን አባቴ ፊት ምንጣፉ ላይ ዘረጋሁት። መጀመሪያ ጨርሼ ላሳየው የመጣሁ መስሎት "ከምግብ በኋላ" አለ። ከዚያ ቀዩን ሽቦ አየ። ቁልፉን ከኪሱ መዝዞ እጁ ላይ አገላበጠው።

"ይህ ከየት መጣ?"

"ከቦርሳዬ።"

"ጋረደው መለሰልህ?"

"እሱ ዘንድ አልነበረም። ረቡዕ ዕለት ከከረጢቱ ያወጣሁት እኔ ነኝ። ላሎብ ልሰብርበት።"

"ምን ልትሰብርበት?"

ደገምኩለት። ሁለተኛው ጊዜ ድምፄ ስለጨመረ ሁሉም ሰሙ። አንድ ሰው አስተግፊሩላህ አለ። ሐጂ ቱርካ መቁጠሪያውን ኪሱ ከተተ። እናቴ ማድቤት በር ላይ ቶቧን ጭንቅላቷ ላይ እያስተካከለች ቆማ ነበር። አልተደነቀችም።

አባቴ ይመታኛል ብዬ ነበር። ቁልፉን ወደ ኪሱ መለሰው። ጥቅልሉን ራሱ ጠቀለለ፣ አሰረው፣ እኔን አስያዘኝ። "እናንተ ብሉ" አላቸው ሰዎቹን። ጫማውን አድርጎ ወጣ። ተከተልኩት።

ጋረደው ሳጥኑን በገመድ እያሰረ ነበር። ራኩባውን ግማሹን አፍርሶታል። አባቴን ሲያይ ተነሥቶ እጁን በጨርቅ ጠረገ።

"ጋረደው" አለ አባቴ።

"አቤት፣ አብዱልሰላም።"

"ቁልፉ አንተ ዘንድ አልነበረም። በሰው ፊት ስምህን አነሣሁ። በሰው ፊት ደግሞ እመልሰዋለሁ። አውፍ በለኝ።"

ጋረደው መሬት መሬት አየ። "እናንተ ዘንድ ምን ተብሎ ነው የሚመለሰው?"

"አውፍ ብያለሁ ይባላል።"

"አውፍ ብያለሁ። እግዜር የልጅህን ነፍስ ይማር።"

አባቴ ወደ እኔ በአገጩ አመለከተ። "ይሄም አለበት።"

ጥቅልሉን እንደያዝኩ "አያ ጋረደው፣ አውፍ በለኝ" አልኩ።

"አንተንማ ከፋሲካ በፊት ብዬሃለሁ" አለኝ። "ሃያ አንድ ያልከኝ ቀን።"

አባቴ ምን ማለቱ እንደሆነ አልጠየቀም። "ሎሪው ይቅርብህ" አለው። "ቱርካን እኔ አናግረዋለሁ።" ጋረደው ገመዱን ከዚያ በላይ አላጠበቀውም።

ስንመለስ ፀሐይዋ ገብታ ነበር። በራችን ላይ ስንደርስ አባቴ ቆመ፤ አላየኝም።

"ስንት ፍሬ ነበር?" አለ።

"አላስታውስም።"

ራሱን ነቀነቀና ገባ።

ሚያዝያ 24

ሐጂ ቱርካ ለጋረደው አዲስ የራኩባ እንጨት ላከ። ጋረደው እንጨቱ ጠማማ ነው ብሎ መለሰው። ቀጥ ያለ ላከለት።

አባቴ ከአርባው ወዲህ አላናገረኝም። ዛሬ እራት ላይ ዳቦውን ወደ እኔ ገፋ አደረገ። የካሰላው ነጋዴ መጥቶ ነበር፤ አባቴ "ነገ ና፣ ከተነሳ የለም፣ ካልተነሳ ውሰደው" አለው። ነጋዴው አርባው ማለፉን አላነሳበትም።

ሚያዝያ 25

ጠዋት ጋረደው ግቢያችን መጣ። የጠራው አባቴ ነው። በርጩማ ሰጡት። "በእጄ አልነካም" አለ፤ "የሜካኒክ እጅ አይገባም ተብሏል።" ኡምሰልማ ሳቀች። ከመጋቢት ወዲህ እዚህ ግቢ የሰማሁት የመጀመሪያ ሳቅ ነው። ሁለት እጆቹን ብብቱ ሥር ከቶ ተቀመጠ።

ጥቅልሉን ዘረጋሁ። ከስምንተኛው ኪስ አወጣሁ። ካንዴላው ላይ የፒንሳ ጥርስ ከሁለት በኩል ታትሟል፤ አንዱ ጠርዝ ላይ ጥልቅ ነው፣ ብዙ ጊዜ እየተመለሰ የሞከረበት። ቁልፉ ገባ። አባቴ ከኋላዬ ቆሞ ነበር። እናቴም ወጣች።

ከዚህ በታች ያለውን በጀማሉ ገጾች ልማድ ጽፌዋለሁ።

ካንዴላ፦ ስድስት ዙር፣ ወጣ። ጥቁር ነበር። በብርጭቆ ወረቀት ተጠረገ። ተመለሰ፣ ተጠበቀ።

ሞተር፦ በሦስተኛው እርግጫ ተነሳ።

መሣሪያ፦ ስምንት። የጎደለ የለም።

የፈጀው ጊዜ፦ ሁለት ደቂቃ።